ስም የሌላት ሸክላ

ሰኔ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ደብተሩ የመሠረተ ትምህርት ነው። ሽፋኑ ላይ አንድ ገበሬ ችቦ ይዞ ወደ ብርሃን ይሮጣል። እኔ ከሱ የምለየው ችቦም የምሮጥበትም ስለሌለኝ ነው። ቀበሌው ለጎልማሶች እንዳድል ከሰጠኝ ውስጥ አንዱ ተርፎ ወደ ቤት ገባ። እንዴት እንደተረፈ የኅብረት ሱቅ ጸሐፊ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የምጽፈው ወሬ ስለተገኘ ነው። ደባርቅ ውስጥ አዲስ ወሬ ከስኳር ይልቅ ብርቅ ሆኗል። ዛሬ ከጎንደሩ አውቶብስ አንድ ባለ መነጽር ሰው ወረደ፤ አቶ ማዕረግ ይባላል። ሻይ እንኳን አፉ ላይ ሳያደርግ አሮጌ የዘፈን ሸክላ ያለው ሰው እንዳለ ይጠይቅ ጀመር። ይገዛል አሉ፣ በጥሬ ብር። የሚሰበስበው ለፈረንጆች ነው ይባላል። ፈረንጆቹ ያዳምጡት፣ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ካሴት ከመጣ ወዲህ እዚህ አገር ሸክላን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ባለቤቴ ጥሩዬ አንዱን የጠላ ጋን መክደኛ አድርጋዋለች። ልክክ ይላል። ወሬውን ሳወራላት እጇን ሳታቆም "የኛስ ያወጣል?" አለችኝ። የጋኑ መክደኛ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"አልጋ ሥር ያሉትን ነው የምልህ" አለች።

አልጋ ሥር ያሉትን የምታውቅ አልመሰለኝም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተኝተንባቸው አንድ ቀን አላነሳቻቸውም።

ሰኔ 8

ከተማው አብዷል። ትላንት ሸክላ ከምጣድ የማይለይ ሰው ዛሬ አዋቂ ሆኖ አደረ። ከድብ ባሕር በእግሩ የመጣ አንድ ሽማግሌ በነጠላ ጠቅልሎ ያመጣው ሲገለጥ የመኪና ጎማ ክዳን ሆነ። ወይዘሮ ሸጊቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሸክላ ይዛ ቀረበች፤ ባሏ የገዛው ነው፣ ሁለተኛው ትምህርት ላይ ሳይደርስ ሞቷል። አንዱ ደግሞ የግራማፎን ጡሩንባ አመጣ። ቤተሰቡ ለሃያ ዓመት ጠላ ሲያንቆረቁርበት ስለኖረ ከሩቁ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

አቶ ማዕረግ በአንዱም አልሳቀም። በግ ገዢ ጥርስ እንደሚያየው እያገላበጠ ያያል፣ ወደ ብርሃን ያዞራል፣ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳብሳል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ትሕትና ከገንዘብ ጋር ሲመጣ ያስፈራኛል።

እኔ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ አያለሁ። ሰዉ ደግሞ ዞር እያለ እኔን ያያል። በዚህ ከተማ ሸክላ የነበረው ማን እንደሆነ ይታወቃላ። ሊማሊሞ ቡና ቤት የኔ ነበር። አሥመራ የሚመላለሱ ሾፌሮች ናቸው የሚያመጡልኝ፤ ሁለት መቶ ያህል ደርሰው ነበር። በ1970 ጥር ላይ የዛሬው የቀበሌ ሊቀመንበራችን ጓድ ገሠሠ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣና የፊውዳል ዘፈን ነው፣ ይሰበራል ብሎ በጆንያ አስጭኖ ሄደ። ቡና ቤቱም በዚያው ሳምንት ተዘጋ። እኔም ከጭቆና ነፃ ወጥቼ ሳሙና አዳይ ሆንኩ።

ሠላሳ አራት ሸክላ ደብቄ ነበር። አልጋ ሥር ያሉት እነሱ ናቸው።

ሰኔ 11

ሳሙና አልመጣም። ሰልፉ ግን መጥቷል። ማዕረግ ሁለት ጊዜ በደጄ አለፈ፣ ሁለቴም ባርኔጣውን አነሳልኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ሁሉም ነው የነገረው።

ሰኔ 14

መጣ። ጥሩዬ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችው፤ እኔን እንደዚያ ጠርጋ አስቀምጣኝ አታውቅም። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። ሰውዬው እጁን በመሐረብ ጠርጎ የመጀመሪያውን አነሳ፣ አዞረ፣ ሁለተኛውን አነሳ፣ ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀ።

"ወረቀቱስ?" አለኝ።

መሐሉ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት ነው የሚለው፤ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ ያሳተመው ቤት የሚጻፍባትን። እኔ ያንን ወረቀት ከሠላሳ አራቱም ላይ በፈላ ውሃና በቢላ ፍቄ አንስቼዋለሁ። በ1970 ነው። ያኔ እንዲህ ብዬ ነበር ያሰብኩት፦ ካድሬ ሸክላ ቢያገኝ አዙሮ ያነባል እንጂ ሊያዳምጥ መርፌ የለውም፤ ስም ከሌለበት ደግሞ ወንጀል የለበትም። ሁለት ቀን ሙሉ በር ዘግቼ ፋቅኩ። በዚያን ወቅት ደባርቅ ውስጥ ከኔ የበለጠ የሠራ ወዝ አደር አልነበረም።

አቶ ማዕረግ ጭንቅላቱን ያዘ። ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ አስረዳኝ። ሰብሳቢ የሚገዛው ዘፈኑን ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑንማ ካሴት ላይ ያገኘዋል። የሚገዛው ወረቀቱን፣ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የካርቶን ልባሱን ነው። ጥቂት ብቻ የታተመ ከሆነ ደግሞ ይወደዳል። ብዙ ሰው የሚወደው ርካሽ ነው፣ ማንም ያልሰማው ውድ ነው። ይህን ሲለኝ ፓርቲያችን ትዝ አለኝ፤ አፌን ግን ያዝኩ።

"ስም የሌለው ሸክላ ጥቁር ሣህን ነው፣ አቶ ያየህ" አለኝ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠም። ከጎንደር በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ ይዞ ይመጣል፤ እኔ እየሰማሁ ማን እንደዘፈነው እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ቆጥሮ ሠላሳ ሦስት ብሎ መዘገበ። ሠላሳ ሦስት ናቸው አልኩ።

ከሄደ በኋላ ጥሩዬ "አንዲቱስ?" አለችኝ።

"የቷ አንዲቱ?"

ሣጥኑን በእግሯ ገፍታ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው። ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት ስትቆጥር ኖራለች ማለት ነው።

ሰኔ 20

ከዳባት መልእክት መጣ። ሁልጊዜም በአውቶብሱ ረዳት በኩል ነው የሚመጣው፣ ሁልጊዜም አንድ ነው፦ "እናትህ የቢራራ ወሬ አለ ወይ ትላለች።" ረዳቶቹ ሦስት ጊዜ ተቀያየሩ፣ መልእክቱ ግን አልተቀየረም። እኔም መልሴን አልቀየርኩም። ወሬ የለም።

ቢራራ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ በእናት። እኔ የይግዛው ልጅ ነኝ፣ እሱ የአሻግሬ። ዳባት አስተማሪ ነበር፣ ክራርም ይመታል። በ1966 አዲስ አበባ ሄዶ አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀርጾ መጣ። ሁለት መቶ አሳተምኩ ብሎ ሲኮራ እኔ አንድ መቶ ዘጠና አምስቱን ማን ይገዛልሃል ብዬ ስቄበታለሁ። አሥሩን ቡና ቤቴ አስቀመጠ፣ ስምንቱን ሾፌሮች ወሰዱ።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ፤ ቢራራ ማስተማሩን ትቶ ጠፋ። ሱዳን ገባ የሚል አለ። ጫካ ገባ የሚልም አለ። እናቴ ግን ሁለቱንም አትቀበልም፤ ይመጣል ነው የምትለው። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። አምና አንዲት ጎረቤቷ ስሙን አንስታ ነፍስ ይማር ብትል ከቤት አስወጥታታለች፤ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

በዚያው በ1970 እናቴ ሸክላውን ፈልጋ መጥታ ነበር። ድምፁን ብቻ ልስማ ብላ። ፈራሁና ሰብሬዋለሁ አልኳት።

የተሰበረውንም ቢሆን ስጠኝ አለችኝ። ጥዬዋለሁ አልኳት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሥራ አያጣም።

ሐምሌ 2

ዝናብ። ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈስሳል፤ አንዱ በቀጥታ እኔ ላይ። ጥሩዬ ጣሳ ደርድራለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ሸክላው ሲሸጥ ቆርቆሮ ይገዛል ብላ አቅዳለች። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ የሚገዛበት ወረቀት ከጓድ ገሠሠ እንደሚወጣ አስታወስኳት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ውሃው የልብስ ሻንጣው ላይ ወረደ። ልብሱን ሁሉ አውጥተን አልጋ ላይ ዘረጋን። ትንሿ ሸክላ ሻንጣው ውስጥ ነበረች፣ በሸሚዝ ተጠቅልላ። በዚያች ደቂቃ ማዕረግ ማጫወቻውን ታቅፎ ገባ። ሰዓት ያውቃል ሰውዬው።

"ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አለና ሳይፈቀድለት አነሳት። አጫወታት።

ዘጠኝ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ክራሩ ትንሽ ቀድሞ ይገባል፤ ያኔም ይቸኩላል ብዬ እወቅሰው ነበር። የፊቱ ገጽ አለቀ። ማዕረግ ገለበጣት። እኔ ጀርባዋን አታጫውት ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። አገራችን ውስጥ ዘፋኝ የበላበትን፣ ያደረበትን ቤት ስም ሳይጠራ አይወርድም። ቢራራም እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ ክራሩን ዝግ አድርጎ ጠራ፦ "ያየህ ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ በሉልኝ" ይላል። አንድ ጊዜ አይደለም። ሁለት ጊዜ ነው።

ማዕረግ መርፌውን አነሳ። ይህን ድምፅ የትም ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ማን እንደሆነ ካወቅንና ከጻፍንበት ከሠላሳ ሦስቱ ሁሉ ይህቺ ብቻዋን ትበልጣለች አለ። ዋጋዋንም ተናገረ። ጥሩዬ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"ማነው?" አለኝ።

"አላውቀውም።"

"ያየህ እያለ የሚጠራውስ?"

"ያየህ የሚባል ሰው መቼ ጠፋ?" አልኩት።

ጥሩዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ማዕረግ እስኪሄድ ድረስ አልወጣችም።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። ቄሱ ከጴጥሮስ ሕይወት ሁሉ መርጠው ያቺን የእሳት ዳር ታሪክ አነሱ። በውሃ ላይ መሄዱ እያለ፣ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ እያለ። ዶሮው ሲጮህ ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ስለ ዶሮ ወጥ ማሰብ ጀመረ፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። እኔ ሳይጨርሱ ወጣሁ። ዝናቡ መጣ ብዬ ነው።

ሐምሌ 12

ጥሩዬ አታናግረኝም። ማናገር ማለቴ የሚያስፈልገውን ትናገራለች። ጨው የለም፣ እንጨት ረጥቧል፣ የመሳሰለውን።

ስለዚያ ጥር ልጻፍ። ደብተሩም ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።

የአዲ አርቃይ መንገድ ኬላ ላይ አንድ ሰው ያዙ። መታወቂያ የለውም፣ እህል ነጋዴ ነኝ ይላል፣ የሰጠው ስም ሌላ ነው። ኪሱ ሲፈተሽ የቡና ቤቴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተገኘ። በላንድሮቨር ጭነው አምጥተው በሬ ላይ አቆሙት። እናቶች የሚፈትሉት ዓይነት ወፍራም ጋቢ ለብሷል። ጫማው የተለያየ ነው፣ አንዱ ቡናማ አንዱ ጥቁር።

መጀመሪያ የጠየቁት እሱን ነው። ይህን ባለ ቡና ቤት ታውቀዋለህ አሉት። አየኝ፣ በደንብ አየኝ፤ አላውቀውም፣ ቡና ጠጥቼ ነው የወጣሁት አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላውቀውም አልኩ። ይህ በቂ ነበር። ግን እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። "እንዲያውም ሂሳብ ሳይከፍል ነው የሄደው" ብዬ ጨመርኩበት። ጠመንጃ የያዙት ሳቁ። ሰውዬውም ፈገግ አለ። ከዚያ ጭነውት ሄዱ።

ወዴት እንደወሰዱት አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሾፌር የነጋዴው ነገር ማታውኑ አለቀ ብሎ ነገረኝ። ሻይ ጨመርኩለት።

አንድ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ስንቱ ሄደ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ለምን እጄ እንደሚደክም አላውቅም።

ሐምሌ 19

የሳምንቱ ታላቅ ድል፦ ጓድ ገሠሠ ሸክላ ሸጠ። ያ ይሰበራል የተባለው ጆንያ ዘጠኝ ዓመት እሱ ቤት የእህል መደብ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። የፊውዳሉን ዘፈን ለፈረንጅ መሸጡ ለውጭ ምንዛሪ የተደረገ ትግል ይሆናል እንግዲህ። ሱቅ መጥቶ ትዕዛዝ ሲጽፍ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አላሳረፈም። ወረቀቶቹ አልተፋቁም ነበር፤ ሁሉም ከነስማቸው ናቸው አሉ። በቢላ የፋቀ ቂል እኔ ብቻ ነኝ።

ትላንትና የቢራራን ሸክላዎች ቆጥሬያቸው ነበር፣ በሐሳቤ። አሥር። ስምንቱን ሾፌሮች ወሰዱ። አንዷ እኔ ጋ።

ሐምሌ 21

ማዕረግ መጣ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ያቺው ትንሽ ሸክላ፣ ወረቀቷ ቢጫ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ። ቢራራ አሻግሬ ይላል።

ከሊቀመንበሩ ጆንያ ነው ያገኛት። የማን ናት ቢለው ገሠሠ የያየህ ቡና ቤት ናት ብቻ አለው።

ማዕረግ ወንድሜ መሆኑን አልጠየቀኝም፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ወይም ለሥራው አያስፈልገውም። ያስጨነቀው ሌላ ነው። አንድ ብትሆን ኖሮ ዋጋዋ ያ ነበር። ሁለት ሆኑ። ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዷ ከግማሽም በታች ትወርዳለች፤ ገዢው ሌላ እንዳለ ሲሰማ ይቀዘቅዛል። የሾፌሮቹም ሌሎቹም እንኳን በረሃ ላይ ቀልጠዋል፣ በጦርነት ጠፍተዋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ አንድ ነገር አሰበ። የኔዋ ስም የላትም፣ ተፍቃለች፣ ጠርዟ ተጭሯል። እዚሁ ፊቱ ብሰብራት፣ እሱ የምትቀረዋን ሸጦ ድርሻዬን ይሰጠኛል። ድርሻዬ ለቆርቆሮው ይበቃል፣ ለሚስማሩም ይተርፋል።

"ስበራትና ዋጋ ታገኛለህ" አለኝ። በቅንነት ነው የሚያወራው።

ለእናቴ ሰብሬያታለሁ ያልኩበትን ውሸት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በነፃ ተሸክሜው ኖርኩ። ለካ ገዢ ነበረው። ሳምንት ስጠኝ አልኩት።

ማታ ለጥሩዬ ነገርኳት። የቆረሰችውን እንጀራ መለሰች። ከዚያ ተነስታ ከጋኑ ላይ መክደኛውን አንስታ ጠላው እየተንጠባጠበ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ጋኑን በጣውላ ከደነችው።

"የሚሰበር ከፈለገ ይህን ስበርለት" አለችኝ። "ጣሪያው ያፍስስ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራችን ይህ ነው።

ነሐሴ 4

ረዳቱ መጣ። መልእክቱ ተቀይሯል። እናቴ ታማለች። ደረቷ ነው፣ ዓይኗም ከፋሲካ ወዲህ ጨርሶ አያይም አለ። የቢራራን ወሬ አልጠየቀችም።

ያልጠየቀች ቀን ነው የፈራሁት።

ነሐሴ 9

ሰልፍ፣ ዝናብ፣ ስብሰባ። ጳጉሜን ላይ የሚታወጀውን ሪፐብሊክ በዕልልታ እንድንቀበል ተወሰነ። እጄን አወጣሁ። እጄ ለማንም ይወጣል።

የድሮዋን የቡና ቤት ማጫወቻ ከጣሪያ ሥር አወረድኩ። መርፌዋ አለ። የባትሪ ድንጋይ ግን ስድስት ትፈልጋለች። ሱቁ ውስጥ አሥራ ሁለት አለ፤ ለሬዲዮ ውይይት ክበብ የተመደበ። ሳይፈቀድ ብወስድ መጋቢት ላይ በቆጠራ እያዛለሁ። ልጠይቅ ብል የሚፈቅደው ገሠሠ ነው።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ትላንት ተፈታ። ጥሩዬ ስንቅ ቋጥራ በሩ አጠገብ ካኖረችው ሦስት ቀን ሆኖታል። አትናገርም፤ እየረገጥኩት እወጣለሁ፣ እየረገጥኩት እገባለሁ።

ዛሬ ገሠሠ ቢሮ ገባሁ። ስድስት የባትሪ ድንጋይ እንዲፈቀድልኝ አልኩ። ምክንያት የሚል መስመር አለ ወረቀቱ ላይ። ለሥራ ልል ነበር።

"ለእናትህ ነው?" አለኝ ቀና ሳይል።

ብዕሩን አስቀመጠ።

"ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር እኮ፣ ያየህ። ስለ ሂሳቡ ስታወራ። ፊታችሁ አንድ ነው፤ እንዴት አንድም ሰው እንዳላየው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሸክላውን የጫንኩት ሌላ ሰው መጥቶ ወረቀቱን እንዳያነብ ነው።"

ይህን ሰው በዚህ ደብተር ላይ ስሰድበው ነው የከረምኩት። የሸጠውን ግን ሸጧል፤ ያንን አልሰርዝለትም። ፈርሞ ሰጠኝ። ምክንያት የሚለውን መስመር ባዶውን ተወው።

ያውቅ ነበር። ጥሩዬም ታውቅ ነበር። ሳያውቅ የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ያውም በድካም።

ነሐሴ 21፣ ዳባት

የምጽፈው እናቴ አልጋ ሥር ተቀምጬ ነው። ጠዋት ስነሳ ሸክላዋን ደረቴ ላይ በጋቢ አስሬ፣ ማጫወቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ማጫወቻውን ከፍተው አዩ፤ ደረቴን አላዩም።

እናቴ ከስታ ደቅቃለች። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችና "ያየህ ነህ" አለች፣ አልጠየቀችም። አንድ ነገር ላሰማሽ ነው የመጣሁት አልኳት። የባትሪ ድንጋዩን ሳስገባ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አስገባሁ።

ክራሩ ገባ። እንደ ልማዱ ቸኩሎ።

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ እንግዳ እንደመጣባት ሰው ተስተካክላ ተቀመጠች። አንድ ገጽ አለቀ። ገለበጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰማች። ያየህ ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ በሉልኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ሲጠራ መርፌው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሹ ሹ ብቻ ሆነ። አላነሳሁትም።

ሰብሬዋለሁ ስላልኳት አንድ ቃል አልተናገረችም። "ጠርቶሃል እኮ" አለችኝ። "ምን ብለህ መለስክለት?"

ነገርኳት። ኬላውን፣ ላንድሮቨሩን፣ ጫማውን፣ እሷ የፈተለችውን ጋቢ። አንድ ሰው አላልኩም፣ ቢራራ አልኩ። አላውቀውም ማለቴን ነገርኳት። ቀልዱን ልዘለው ነበር፤ አልዘለልኩትም። ሂሳብ ሳይከፍል ነው የሄደው አልኩ፣ ሰዎቹም ሳቁ አልኳት።

"እሱስ?"

"እሱ ፈገግ አለ።"

"ካንተ በፊት ሲጠይቁትስ ምን አለ?"

"አያውቀኝም አለ።"

ውጭ የጎረቤት በሬ ሲያስገቡ ይሰማል።

"የሱ አላውቀውም ላንተ ነበር" አለች። "ያንተስ ለማን ነበር?"

ደባርቅ ሁሉ የሚያውቀኝ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ሆኜ ነው። ለራሴ ነው አልኳት በመጨረሻ። ራሷን ነቀነቀች፤ ይህንንም የምታውቅ መሰለኝ። አልረገመችኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝም።

ማታ ቄሱን አስጠራች። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው አለቻቸው፣ ፍትሐቱ በሱ ይሁን። ቀኑን ጠየቋት፤ እሷ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ተናገርኩ። ጥር አሥራ አራት።

ቄሱ ሲሄዱ ሸክላዋን ስጠኝ አለች። በጣቷ መሐሏን ዳሰሰችና ሻካራውን አገኘች።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ስሙ የነበረበት ነው። ፍቄዋለሁ።"

"እንግዲያው ጻፍ።"

የሱቁ ብዕር ኪሴ ውስጥ ነበር። ሻካራው ላይ ቀለሙ አልያዝ ብሎ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጽፈሃል ወይ አለችኝ። ጽፌያለሁ አልኳት። ዓይኔ አያይም፣ በአፍህ በለው አለችኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጎረቤቶቹ ደጅ ላይ ቆመዋል። ዝግ አድርጌ ልናገር ብዬ አሰብኩ፣ ከልማድ የተነሣ።

"ቢራራ አሻግሬ" አልኩ። "ወንድሜ ነው።"

እናቴ ሸክላዋን ከደረቷ አስጠጋች።

"ነፍስ ይማር" አለች።

ደጅ ያሉት ተቀበሏት፣ እኔም አብሬ አልኩ።